ወንበር የተቀያየርን ቀን

አባቴ ማንም የማይተኛበት ቤት ሠርቷል። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል፣ መስኮቱ ጭንቅላት አያሾልክም፣ በሩም የተከፈተው ነፋስ በማይመጣበት በኩል ነው። ወሎ ደጋ ላይ ቢሆን ብርድ የማይደፍረው ቤት ይባልለት ነበር። እሱ ግን የሠራው እዚህ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወደ አቦቦ ሲኬድ ባለው የሰፈራ መንደራችን፣ የካቲት ሲገባ የጀሪካን ውሃ እንደ ሻይ በሚሞቅበት ቆላ። እኛ የምንተኛው ደጅ ነው፣ ማንጎው ሥር፣ አጎበር ዘርግተን። ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ ሁለት ቤት ያለው ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ የሚለሰን፣ ሌላው የሚተኛበት።

በየዓመቱ በቆሎው ተሰብስቦ ሲያበቃ አባቴ ጭቃ ያቦካል፣ ሣር ይከትፍበታል፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ይለስናል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ "ሰውየው ለአይጥ ቤት ያድሳል" ትለው ነበር። ይስቃል እንጂ መልስ አይሰጣትም።

እኔና እሱ የማንመሳሰለው እዚህ ላይ ነው። እኔ የተነገረኝን ሳልመልስ ካደርኩ ያመኛል። ጋምቤላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ በመምህራን ክፍል ውስጥ "እሷን አትንኳት፣ ትመልሳለች" ይባላል፣ እኔም ይሄን ስሰማ ደስ ይለኛል። ማን ነሽ ሲሉኝ የማቅማማ ሰው አልነበርኩም። የጋምቤላ ልጅ ነኝ፣ የሚሰማኝን ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ ክርክር ላይ አልረታም። በቃ፣ ይሄ ነበር እኔነቴ።

እርግጥ "የጋምቤላ ልጅ ነኝ" ስል ሁሉም አይቀበለኝም። አኝዋና ኑዌር የሆኑት የሥራ ባልደረቦቼ ደገኛ ይሉኛል፤ በክፋት አይደለም፣ መጠሪያ ሆኖ ነው። ለስልጠና አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ "የጋምቤላዋ" እባላለሁ፤ አማርኛዬ እንዴት እንደጠራ አድንቆ የነገረኝም ሰው አልጠፋም። ያኔ ደሜ ይፈላል። እዚያም እዚህም ስከራከር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የክርክር ክበብ ሲቋቋም ያለ ጥያቄ ለእኔ ሰጡኝ።

የክርክር ክበቤ አንድ ደንብ አለው። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። ነገሩ ሲጋጋል እኔ አጨበጭባለሁ። ያን ጊዜ ወንበር ይቀያየራሉ፤ ሲደግፍ የነበረው ይቃወማል፣ ሲቃወም የነበረውም ይደግፋል፣ ከዚያች ካቆሙባት ቃል ጀምረው። መጀመሪያ ሰሞን ይስቃሉ፣ ይንተባተባሉ። እየቆዩ ግን የሌላውን ሐሳብ ከባለቤቱ አሳምረው መናገር ይጀምራሉ።

አንድ ቀን ከድንበሩ አጠገብ ከማታር የመጣች ልጅ፣ ተምሮ ወደ መንደር መመለስ ይገባል ብላ ስትከራከር ቆይታ፣ አጨብጭቤ ቀየርኳት። ከተማ መቅረት ይሻላል ብላም ያንኑ ያህል ተናገረች። ሲያልቅ ሌሎቹ ወጡ፣ እሷ ግን ወንበሯ ላይ ቀረች። "ቲቸር፣ ሁለቱንም አመንኩት። አሁን እኔ የቷ ነኝ?" አለችኝ። እኔም ደብተሬን እየሰበሰብኩ፣ "አንቺ ተናጋሪዋ ነሽ፣ ሌላውን ተይው" አልኳት። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ የአጋማሽ ዓመት እረፍት ሊደርስ ሲል፣ አጎቴ ደወለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቅም ነበር። አባቴ ወሎን ከለቀቀ አርባ ዓመት ገደማ ሆነው። በዚያ በክፉ ቀን እህል ይታደላል ሲባል ወጥቶ፣ በዚያው ከሰው ጋር መኪና ላይ ተጫነ፤ ሲወርድ ያየው ይሄን ጫካ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም ተመልሶ አገሩን አላየም። መጀመሪያ መሄድ ክልክል ነበር፣ ቀጥሎ እርሻው ያዘው፣ ቀጥሎ እኔ ተወለድኩ፣ ቀጥሎ የእናቴ ሕመም። ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

"ልወስደው ነው የምመጣው" አለኝ አጎቴ። "ጋሼ አርጅቷል። ከእንግዲህ በዘመዱ መሃል ይቀመጥ። እህታችንም ዓይኗ እየደከመ ነው፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ትየው። አንቺም ብትሆኚ ሥራ አለሽ፣ ከተማ ነሽ፣ ብቻውን ነው ያለው።"

"አባቴ እኮ ዕቃ አይደለም፣ ተጭኖ የሚሄደው" አልኩት።

ያልኩት ነገር የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ መጀመሪያም እዚህ የመጣው ተጭኖ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም፣ የሚመጣበትን ቀን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።

አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ስቀበለው ጋቢ ለብሶ ወረደ። መሬቱን የረገጠባት ያቺ የመጀመሪያ እርምጃው አሁንም ትታየኛለች፤ ከሙቀቱ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የአባቴ ጆሮ ያለው ሰው። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ነው ያለው?" አለኝ። ጋቢውን ግን አላወለቀም። መንደር እስክንደርስ በላብ ራሰ።

ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። አባቴ ከማንጎው ሥር ተነሳ፣ ጠጋ ብሎ አየው፣ "አባታችንን መስለህ ቁጭ አልክ" አለው። አጎቴ ትከሻውን ይዞ ሳመው፣ መልሶ ሳመው፣ አሁንም ሳመው። ከዚያ ተቀመጡና ስለ ሞተ በሬ ማውራት ጀመሩ። አርባ ዓመት ተለያይተው ስለ አንድ ቀይ በሬ አወሩ፣ እኔም ተናደድኩ፤ ለምን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አጎቴ እንግዳ ነውና የሚተኛው ቤት ውስጥ ነው ተባለ። ሲገባ በሩ ላይ ቆመ። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ መደቡን ዳበሰ፣ ከበሩ በስተቀኝ ለኩራዝ የተተወችውን ቀዳዳ በጣቱ ለካት። እዚያ ሲደርስ ነው ያለቀሰው። "የአባታችን ቤት ነው። ስንዝር አልተዛባም" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ልጄ፣ እዚህ ሊቀር ያሰበ ሰው ይሄን ይሠራል?" አለኝ።

"ሊሄድ ያሰበስ ማንጎ ይተክላል?" አልኩት። "ይቁጠሯቸው እስኪ።"

ጠዋት ሲወጣ ውሃ ውስጥ ያደረ ሰው መስሎ ነበር። እንዴት አደሩ ስለው፣ ዓይኑ አብጦ፣ "አብሽሪ፣ አገሬ ያደርኩ ነው የመሰለኝ" አለኝ። ለወንድሙ ክብር ብሎ ሁለት ቀን ደገመ። በሦስተኛው ምንም ሳይናገር ፍራሹን ተሸክሞ ወጣና እኛ አጠገብ አነጠፈ። አባቴ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ሲስቅ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት።

ችግሩ አባቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአጎቴ ጋር ሲጫወት "እሄዳለሁ እንጂ፣ ለምን አልሄድ" ይላል። ስለ አገር ቤቱ ወንዝ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፎች፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር ይጠይቃል። ከሰዓት ጎረቤታችን ሲመጣ ደግሞ "የት እሄዳለሁ፣ የምን መሄድ" ይላል። ሁለቱንም ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ድምፁ አንድ ነው። አባቴ ሲዋሽ ይንተባተባል፤ ያን ጊዜ ግን አልተንተባተበም።

ይሄ ጎረቤታችን አኝዋ ነው፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት ይበልጣል። አባቴን "ጓድ" ብሎ ነው የሚጠራው። በሰፈራው ዘመን የመጀመሪያ የሰማት የአማርኛ ቃል እሷ ናት፤ ዘመኑ ቢሄድም እሱ አልለወጣትም። የወሎ በሬዎች በገንዲ፣ በቆላ ዝንብ በሽታ፣ ሲያልቁና ሰፋሪው ሁሉ ሞፈሩን ታቅፎ ሲቀመጥ፣ አባቴን አልዌሮ ወንዝ ወስዶ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው እሱ ነው። መንደራችን የተሠራው ደግሞ በእነሱ ማሳ ላይ ነው። ይሄንንም አንድ ቀን ደብቆ አያውቅም፤ ዓሣ ይዞልን መጥቶ እየበላን፣ "እዚህ የተቀመጥሽበት የእናቴ ማሽላ ነበር" ይለኛል። ልጅ ሆኜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ነገር ሲወላወል አልወድም። አንድ ቀን አባቴን ብቻውን አግኝቼ፣ "አባ፣ አንዱን ያዝ እንጂ" አልኩት። "ጠዋት ወሎዬ፣ ከሰዓት የጋምቤላ ሰው መሆን ምንድነው? ሰውየው እኮ ትኬት ሊቆርጥልህ ነው።"

"ምን አስቸኮለሽ?" አለኝ።

"ማን እንደሆንክ የማታውቅ ነው የምትመስለው።"

"አንቺ ታውቂያለሽ?" አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እውነቱን ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ቁጣ መስሎኝ ተነስቼ ሄድኩ።

በዚያ እረፍት ከሰዓቶቹ ረጅም ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ መንደሩ ሁሉ ይተኛል፤ ዶሮ እንኳ ክንፉን ዘርግቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል። አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ የበቆሎው አገዳ መሬት የለቀቀ ይመስላል፣ ከአልዌሮ በኩል የሚመጣው ድምፅ የልጅ ይሁን የወፍ አይለይም። አባቴ አልጋው ላይ በጀርባው ይጋደማል፣ እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ፈተና አርማለሁ፣ ሁለት ወረቀት ሳርም እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንዴ በዚያ ሰዓት ነቃና ዓይኑን ሳይከፍት፣ "አለሽ?" አለኝ።

"አለሁ። ውሃ ልስጥህ?"

"ቆይ፣ አትናገሪ" አለ። "የት እንዳለሁ እስካሁን አላወቅኩም። ስነቃ ትንሽ ጊዜ አላውቅም። ያቺን ጊዜ እወዳታለሁ። እናቴ ከዚህ በኩል አለች፣ እናትሽ ከዚያ በኩል አለች፣ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። ሰው ሲጠራኝ ነው አንዷ የምትሄደው።"

ቀይ እስክሪብቶዬ ጣቴ ላይ ቀልጦ ነበር። ቅጠሎቹ መሃል ብርሃን ይወርዳል፣ ፊቱ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ እንደተከደነ ፈገግ ብሏል። እኔም እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ፣ ያላየሁት ደጋ ሽታው መጣብኝ፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ፣ የበግ ጸጉር፣ ጭስ። የማላውቀው አገር እንዴት ይሸተኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ የሆነ ነገር ለማንም አልናገርም ነበር፤ እኔ ፊት ለፊት የምትናገረው ሴትዮ።

ወደ አስር ቀን ሲሆን አጎቴ አላስችል አለው። ሽማግሌ ይሰብሰብና ነገሩ ይቆረጥ አለ። አባቴ "ሽማግሌ አንድ ይበቃል" ብሎ ጎረቤታችንን አስጠራ። ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም፣ አራታችን ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እኔ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የእናቴን መቃብር፣ እርሻውን፣ በዚህ ዕድሜው ብርዱ እንደሚጎዳው፣ የሐኪም ቃል እንኳ አልቀረኝም። እረታለሁ ብዬ ርግጠኛ ነበርኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቺ ልጅ ተማሪዎቿን ወንበር ታቀያይራለች" አለ። "እኛም እንሞክረዋ። ወንድሜ ይሂድ ብሎ መጥቷል፣ እሱ ይቅር ብሎ ይናገር። እሷ ይቅር ትላለች፣ ይሂድ ብላ ትናገር። እኔ እሰማለሁ፣ የሰማሁትንም እፈጽማለሁ።"

"አባ፣ ይሄ ጨዋታ እኮ አይደለም" አልኩት።

"ለልጆቹ ጨዋታ ነው እንዴ?" አለ። ወንበራችንን ተቀያየርን።

መጀመሪያ አጎቴ ተናገረ። ጋቢውን ወዲህ ወዲያ አደረገ። "እንግዲህ ጋሼ ይቅር" አለ። "ሙቀቱ... ሙቀቱ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው።" ጎረቤታችን ሳይቀር ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቀም፣ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። "ጋሼ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ወደዚህ መንደር ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። በየቀኑ አየሁት። ሚስቱ እዚያ ናት። እኔ ወንድሜን ልወስድ መጣሁ እንጂ ሰውን ከሚስቱ ልለይ አልመጣሁም፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ደግሞ ይቺ ልጅ ትቆጣለች፣ ትመልሳለች፣ ጠንካራ ትመስላለች። ከእሱ በቀር ግን ማንም የላትም። እሱ ከሄደ ከከተማ እዚህ ማን ጋ ትመጣለች?"

እኔ ለራሴ ያላልኩትን፣ አስር ቀን ያወቀኝ ሰው ተናገረልኝ። ፊቴ ጋለ። ያን ጊዜ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ፣ ወይም ማልቀስ። አላለቀስኩም፤ ተራዬ ሲደርስ የክርክር ሰው ሆኜ ተቀመጥኩ።

ስጀምር ለመልክ ነበር። ዘመድ መሃል መኖር ደስ ይላል፣ የትውልድ አገር አየር፣ እንዲህ እንዲህ። ባዶ ቃል መሆኑን ጆሮዬ ሰማው፣ ጆሮዬ ደግሞ ባዶ ቃል አይወድም። ከዚያ ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከአፌ መጣ።

"አባ፣ እህትህ ስትደውል ስልኩን ለእኔ ነው የምትሰጠኝ" አልኩት። "ይኸው ስንት ዓመት ነው። ደህና ነው በያት ትለኛለህ። የእናቴ ለቅሶ ላይ ነግረኸኛል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ቀን እህል ልትቀበል ስትወጣ እህትህ አብራህ ነበረች። ስምንት ዓመቷ ነበር። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥካት፣ ቆይ መጣሁ አልካት፣ ከዚያ ጫኑህ። አንተ አልሸሸህም፣ ጥፋትም የለብህም፣ ግን ሄደህ ፊቷን ማየት ስላፈርክ አርባ ዓመት በሬ ሞተ፣ በቆሎ ደረሰ፣ ሚስት ታመመች ስትል ኖርክ። ለእኔ ሙሉ አባት ሆነኸኛል። ለእሷ ወንድም ለመሆን ጊዜ አልሰጠሃትም። ዓይኗ ደክሟል፣ ድምፅህን ግን ትሰማለች። እኔ ብዙ ቀን አብሬህ ኖሬአለሁ፤ የቀረውን ለእሷ ስጣት።"

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፣ አንዱንም ግን ማለት አልፈለግኩም ነበር። አጎቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ድንጋዩ ላይ ስለተቀመጠችው ልጅ እስከዚያ ቀን የሚያውቀው ነገር የለም፣ እህቱም አልነገረችው። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ወደ በቆሎው ያያል።

"አንተስ ጓድ?" አለ በመጨረሻ።

ጎረቤታችን አማርኛውን ሲናገር ቃል በቃል እያስቀመጠ ነው። "መሬቱ የኛ ነው" አለ። "ይሄን ሁልጊዜ እላለሁ፣ እሱም ያውቃል። እሱ ቢሄድ ምናልባት መሬት ይመለሳል፣ ይሄ ጥሩ ነው። እሱ ቢሄድ እኔ ከማን ጋር ወንዝ እሄዳለሁ፣ ይሄ መጥፎ ነው። ሁለቱም የኔ ሐሳብ ነው። አንዱን ጣል አትበሉኝ።" ከዚያ ትንባሆውን አውጥቶ መጠቅለል ጀመረ።

ጥላው እግራችንን አልፎ ሲሄድ አባቴ ቀና አለ። "እሄዳለሁ" አለ። "ልጄ በደንብ ተናገረች።"

ረታሁ ማለት ነው። አጎቴ ተነስቶ እጄን ሳመ፤ አዛውንት እጅ ሲስመኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ መሸሽ አማረኝ። በኋላ አባቴ ልብሱን ሲያጣጥፍ አጠገቡ ቆሜ ያቺን የማታር ልጅ አሰብኳት። ተናጋሪዋ ነሽ ብዬ ያሰናበትኳት። እኔ ራሴ አሁን የቷ ነበርኩ? አባቷን የምትፈልገዋ፣ ወይስ አባቷን በአፏ የሸኘችው? አንዷን ሐሰተኛ ናት ብዬ ባባርር ይቀለኝ ነበር። አልሆነልኝም፣ ሁለቱም እኔ ነበርኩ፣ ሁለቱም የአባቴን ሸሚዝ እያጣጠፉ ነበር።

የሄዱበት ቀን ጎረቤታችን መንገድ ድረስ ሸኘው። የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። "ጓድ፣ ደጋ ዓሣ የለም" አለው። አባቴ ተቀበለው፣ ተያይዘው ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ መኪናው ሄደ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣውን ይዞ አጎቴ ቀድሞ ገባ። እኔና አባቴ ደጅ ጥላ ሥር ቀረን። አዲስ ጫማ ገዝቼለት ነበር፣ ማሰሪያው አስቸግሮታል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ አንዱ ስልክ ላይ በኑዌርኛ ይስቃል። ሁሉ ነገር ከውሃ ሥር ያለ ይመስለኝ ነበር።

"የወንድሜን ወገን ላንቺ የሰጠሁሽ ለምን ይመስልሻል?" አለኝ።

"ፍርድ እንዳይዛባ ነዋ" አልኩት።

"አይደለም። ትሸነፊያለሽ ብዬ ነው።" ፈገግ አለ፤ ያ ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚያሳየው ፈገግታ። "አባቷን የምትወድ ልጅ፣ አባቷ ይሂድ ብላ ለመናገር አፏ አይፈታም ብዬ ነው። አንቺ ትንተባተቢያለሽ፣ እሱም ይቅር ይላል፣ እኔም ሳላፍር እቀራለሁ ብዬ አስቤ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርከኝም? አሁንም እኮ መመለስ ይቻላል። መኪናው አልሄደም።"

"አይ። ያልሽው እውነት ነው፣ መሄድ እፈልጋለሁ። መቅረትም እፈልጋለሁ። ለአንዱ ነው እግር ያለኝ።"

በሕይወቴ ስንት ክርክር ተከራክሬያለሁ። ማስረጃ ሳጣ ምሳሌ አላጣም፣ ምሳሌ ሳጣ ቁጣ አላጣም። በዚያች ሰዓት ግን እጁን ያዝኩና "አትሂድ" አልኩት። ሌላ የምጨምርበት ምንም አልነበረኝም። "አባ፣ አትሂድብኝ።"

ራሴን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ።

"ይቺን ያን ቀን ብትያት ኖሮ" አለኝ።

ገባ። ፈታሹ ጫማህን አውልቅ ሲለው፣ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሲፈልግ በመስታወቱ አየሁት።